ሕልም እንደ ፈቺው ነው

ሰሞኑን ለማኅበራችን መጽሔት ከሚላኩት አጫጭር ልብ ወለዶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በእንቅልፍ፣ የሚያልቁትም በመባነን ነው። ይህ ልማድ በመቀሌ ተማሪዎች ዘንድ እየበረታ ስለ ሄደ፣ ነቀፌታ ሳይሆን ምክክር ይሁን ብለን ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ወደድን። ነገራችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ሕልም ለደራሲ መልካም ዘር ነው፣ ነገር ግን ዘር እህል አይደለም። ዘሩን አምጥቶ እህል ነው ብሎ የሚያቀርብልን ጸሐፊ የሚያበላን የሕልም እንጀራ ነው።

በሕልም መጻፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አስቀድመን እንናገር። ያደግነው ማለዳ ሕልም ሲነገርና ሲፈታ እየሰማን ነው፤ የዮሴፍንም ሕልም የማያውቅ የለም። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበን ግን ክብረ ነገሥት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የአክሱም ንቡረ እድ የነበረው ይስሐቅ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ወደ ግእዝ እንደ መለሰው በመጽሐፉ መጨረሻ ተመልክቷል። በዚያ ታሪክ ንጉሥ ሰሎሞን ከንግሥተ ሳባ ጋር ባደረባት ሌሊት፣ ፀሐይ በእስራኤል ላይ ስታበራ ቆይታ ወደ ኢትዮጵያ ሄዳ በዚያ ስታበራ በሕልሙ ያያል።

ጸሐፊው ይህን ሕልም እንዴት እንደ ተጠቀመበት ልብ እንበል። ሕልሙ ባጭሩ ተነግሮ ያልፋል፤ ታሪኩም ወደ ፊት ይሄዳል። ልጁ ቀዳማዊ ምኒልክ ተወልዶ፣ አድጎ፣ አባቱን ጎብኝቶ፣ ታቦተ ጽዮን ከኢየሩሳሌም ከወጣች በኋላ ነው ሰሎሞን ያየውን ለካህኑ ለሳዶቅ የሚገልጥለት። ሳዶቅም የሚደነግጠውና የታቦቲቱን ስፍራ የሚመረምረው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሕልሙ ጌጥ አይደለም፤ ሥራ አለው። ንጉሡ በጊዜው ባለመናገሩ የመጣው ነገር ራሱ ታሪክ ሆኗል። ጓደኞቻችን በድርሰታቸው ሕልም ሲያስገቡ፣ «ይህ ሕልም ቢወጣ ታሪኩ ይፈርሳል ወይ?» ብለው ራሳቸውን ቢጠይቁ ከግማሽ የሚበልጠው ይቀርላቸዋል ብለን እናምናለን።

ከውጭ አገር ደራስያንም የምንማረው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1816 ያሳተመውን «ኩብላ ካን» የተባለ ግጥሙን በእንቅልፍ እንዳገኘው፣ ነቅቶ ሲጽፍም ለጉዳይ የመጣ ሰው አቋርጦት ቀሪው እንደ ጠፋበት ጽፏል። በግጥሙ ውስጥ በገና መሰል መሣሪያ የምትጫወት አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ አለች። ኮልሪጅ አገራችንን አላያትም። እንዴት ወደ ሕልሙ ገባች? የቆዩ የተጓዦችን መጻሕፍት ያነብ ነበርና ከዚያ ነው። ሰው በሌሊት የሚያልመው በቀን ያከማቸውን ነው። ሳያነብና ሳይመለከት ውሎ ሌሊቱ ድርሰት እንዲያመጣለት የሚጠብቅ ተማሪ ከባዶ ጎተራ እህል የሚፈልግ ነው።

ሜሪ ሼሊም እ.ኤ.አ. በ1816 ዓመት በጄኔቭ ሐይቅ አጠገብ ሳለች፣ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሆና፣ አንድ ሰው በሠራው ፍጡር አጠገብ ተንበርክኮ በዓይነ ሕሊናዋ እንዳየች ኋላ ተናግራለች። ያየችው ጥቂት ሥዕሎችን ብቻ ነው። «ፍራንከንስታይን» የታተመው ግን በ1818 ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነው። ስቲቨንሰንም ለ«ዶክተር ጄክልና ሚስተር ሃይድ» ጥቂት ትዕይንቶችን ከሕልም አግኝቻለሁ ብሏል፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን አቃጥሎ እንደ ገና ጽፎታል። ሕልሙን ለመጣል ያልደፈረ ሰው ድርሰቱን አያገኝም ማለት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳያችን እንምጣ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. አንሥቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ በዚህ ምድር ላይ የሆነውን የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከዚያ ወዲህ በየመኝታ ክፍሉ የሚታለመው ሕልም ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ሌሊት በጩኸት የሚባንን ጓደኛ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ወደ ድርሰት ቢገባ አያስደንቅም፤ መግባትም አለበት። የምንከራከረው ስለ አገባቡ ነው።

አንድ ደራሲ አውሮፕላኑን፣ የፈረሰውን ቤት፣ የጠፋውን ወንድም በሰፊው ከተረከ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር «ለካስ ሕልም ኖሯል» ብሎ ሲዘጋ ምን አደረገ? በቀን የሆነውን ነገር በሌሊት ሰወረው። በእውነት የደረሰውን ሕልም ብሎ መጻፍ ምስክርነትን ማጥፋት ነው። አንባቢው ማዘን ሲጀምር አትዘን ይባላል፤ የሞተበት ሰው ግን አልባነነም። በግልጥ ለመናገር አፉ የማይታዘዝለት ሰው በሕልም በኩል ቢናገር አንፈርድበትም፤ ያም በር ነው። ነገር ግን በሩን ከፍቶ ይግባ እንጂ ከበሩ ኋላ አይደበቅ።

ሌላም አደራ አለብን። ጓደኛ በሌሊት ያየውን ጨንቆት ሲነግረን የሰጠን ምሥጢር እንጂ የድርሰት መነሻ አይደለም። ሳናስፈቅድ ጽፈን ብናወጣ፣ ስሙን ብንለውጠው እንኳ እርሱ ራሱን ያውቀዋል።

ስለ አርእስትም እንነጋገር። ወደ መጽሔቱ ከሚመጡት ጽሑፎች «ሕልሜ»፣ «የሌሊት ሕልም»፣ «ቅዠት» የሚሉ አርእስቶች በዝተዋል። እንዲህ ያለ አርእስት ነገሩ ከየት እንደ ተገኘ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይናገርም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ አርእስቱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦብያ» ተብሎ ታወቀ። የፊተኛው አርእስት የድርሰቱን ዓይነት ብቻ ስለ ተናገረ ለዓይነቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ ልብ ወለድ የምንለው ሁሉ ስሙ ይኸው ነው። መጽሐፉን ግን ሰው በልጅቱ ስም ይዞታል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የሰው ስምም ነው፣ የጠራውን ውኃ የሚያደፈርስ ትእዛዝም ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከጣልያንኛ መጥቶ በአሥመራ ሰው አፍ የቆየ ቃል ነው፤ ያበቃለትን ነገር ይናገራል። እነዚህ አርእስቶች መጽሐፉ ተነቦ ሲያልቅ ከተጀመረበት ጊዜ ይልቅ ይከብዳሉ። አርእስት መጀመሪያ ቢመጣም መመረጥ ያለበት በመጨረሻ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን በትግርኛ እያለምን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። በሕልም የተሰማ ቃል በተሰማበት ቋንቋ በመጀመሪያ ይመዝገብ፤ ትርጕሙ ኋላ ይድረስ። ምናልባት ትክክለኛው አርእስት ያ ሳይተረጎም የቀረው ቃል ይሆናል። ሌላው ምክራችን ቀላል ነው። እርሳስና ወረቀት ከራስጌ ይኑር፤ ለሰው ከመንገር በፊት ይጻፍ፤ ከዚያ ለአንድ ሳምንት ተቀምጦ እንደ ባዕድ ጽሑፍ ይነበብ። በሳምንቱ አንድ ሥዕል ብቻ ቢተርፍ በቂ ነው፤ ድርሰቱን ከዚያ እንጀምር።

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። እኛም ሕልምን ፈርታችሁ አትጻፉ አላልንም። ሕልም እንደ ፈቺው ከሆነ ግን፣ ፈቺው ጸሐፊው ነውና፣ ነቅቶ ይፍታው።