የድራጎን እግር ቆጣሪዎች

በእንግሊዝኛ ምናባዊ ልቦለድ፣ ፊልምና ጌም አፍቃሪዎች ዘንድ አንድ እርማት ፋሽን ሆኗል። አንዱ ክንፋሙን ግዙፍ አውሬ «ድራጎን» ብሎ ሲጠራው ሌላው ወዲያው እግር ይቆጥራል፦ አራት ከሆነ ድራጎን፣ ሁለት ከሆነ «ዋይቨርን»። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በቴሌቪዥን ሲታይም ከተማ ሙሉ በእሳት ሲጋይ እያዩ «እነዚህ እኮ ድራጎኖች አይደሉም» ያሉ ነበሩ።

ሊቅ የሚያስመስለው ይህ እርማት መሠረቱ ስስ ነው።

ልዩነቱን ያጠበቁት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ የብሪታንያ የአርማ ባለሙያዎች ናቸው። የአንድ ቤተሰብ አርማ በቃል ተገልጾ ለሠዓሊ ስለሚሰጥ እግሩን ለይቶ መናገር የግድ ነበር። ለእነሱ ሥራ ነው፤ ያስኬዳል። የቀረው አውሮፓ ግን ለዚህ ደንብ ግድ አልነበረውም። ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ የተሰቀለውን፣ ፓውሎ ኡቼሎ እ.ኤ.አ. በ1470 ገደማ የሣለውን ሥዕል ያየ ይፍረድ። ሰማዕቱ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ጦሩን አውሬው ራስ ላይ ሰክቶታል፤ ልዕልቲቱ አውሬውን እንደ ውሻ በማሰሪያ ይዛዋለች፤ ክንፎቹ ላይ ክብ ክብ ቀለም አለ፤ የቆመው ደግሞ በሁለት እግሩ ነው። እግር ቆጣሪዎቹ እንደሚሉት ከሆነ ጊዮርጊስ ድራጎን አልገደለም ማለት ነው!

ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ግጥም «ቤዎልፍ» ጀግናውን ለሞት ያበቃውን አውሬ አንዴ «ድራካ»፣ አንዴ «ዊርም» ይለዋል። ሁለተኛው ቃል ዛሬ «ወርም» ሆኖ ለትል ቀርቷል። ግጥሙን በኦክስፎርድ ያስተማረው ቶልኪንም «ዘ ሆቢት» በተባለው ልቦለዱ ድራጎኑን ስማውግን በሁለቱም ስሞች ይጠራዋል። በገዛ እጁ ሲሥለው አራት እግር ሰጥቶታል። በፊልሙ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ክፍል የፊት እግሮቹ ለቅጽበት ታይተው፣ በ2013 ብቅ ሲል ሁለት እግርና ክንፍ ብቻ ቀረው። ታዲያ ስማውግ በዓመቱ ዝርያ ቀየረ?

የእውነተኞቹ እንስሳት ስምም ቢሆን ተቸክሎ አልኖረም። ዛሬ የአደን ውሻን ብቻ የሚለየው «ሃውንድ» ቀድሞ የማንኛውም ውሻ ስም ነበር፤ «ዶግ» ከጠባብ ትርጉም ተነሥቶ ቦታውን ወሰደ። «ዲር» ዛሬ አጋዘን ይሁን እንጂ በጥንቱ እንግሊዝኛ አውሬ ሁሉ ይጠራበት ነበር። አሜሪካኖች «ባፋሎ» የሚሉትን ጎሽ መሳይ እንስሳ ሳይንሱ «ባይሰን» ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ አጥቢ እንስሳ አድርጎ የሰየመው ሕግም «ባይሰን» ብሎ ጽፏል። ሕግና ሳይንስ ጠባቡን ስም ቢመርጡ ተገቢ ነው። ሜዳ ላይ መንጋውን አይቶ «ባፋሎ!» ያለውን ገበሬ ማረም ግን ትርፉ ምንድን ነው?

ጸሐፊዎችን የሚያሳስተው «ሁልጊዜ ጠባቡን ቃል ምረጥ» የሚለው ምክር ነው። በጨለማ ከአውሬ የሚሸሽ ገጸ ባሕርይ ቆም ብሎ እግር አይቆጥርም፤ ከአፉ «ዋይቨርን» ሲወጣ አንባቢ የሚሰማው የደራሲውን መዝገበ ቃላት ነው። ጠባቡ ቃል የሚያስፈልገው ልዩነቱ ታሪኩን ሲለውጥ ነው። «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለው ጨዋታ ላይ ዋይቨርን እሳት አይተፋም፤ በጅራቱ መርዝ ይናደፋል። እዚያ ስሙን ያምታታ ተጫዋች ከእሳት ሲጠነቀቅ በጅራት ይወጋል፤ እርማቱም እዚያ ቦታ አለው።