ዶክተሩ ሜዲኬር ይቀበላሉ፤ ግን በስንት?

የፍቅር ደብዳቤዎቻችሁ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረዋል፤ ለሳምንት ይቆዩኝ። ዛሬ የራሴን ጉድ ላውጋችሁ።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ደመወዝ የሌለው አስተርጓሚ አለው። በእኛ ቤት ሹመቱ የተሰጠው ለእኔ ነው። «አስራ ሁለተኛ ጨርሷል፣ ጋዜጣ ላይም ይጽፋል» ተብሎ! ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ ደብዳቤ በመጣላት ቁጥር ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ልጇ አብሯት ይኖራል፤ ግን ማታ ሠርቶ ቀን ይተኛል፣ መቀስቀሱ ያሳዝናታል። ስለዚህ የእሷ ደብዳቤ ባሕር አቋርጦ አዲስ አበባ ይነበባል።

አክስቴ 68 ዓመቷ ነው። ሃያ ዓመት የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ቦርሳዋ ውስጥ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ያላት የሜዲኬር ካርድ አለች። ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ዕድሜው 65 ለሞላ ሰው ያቋቋመው የጤና መድን ነው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1965 ፈርመው ሲያጸድቁት የመጀመሪያዋን ካርድ የተቀበሉት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ትሩማን ነበሩ። አክስቴ ይህን ስነግራት «እንግዲያማ እኔና ትሩማን አንድ ነን» ብላ ሳቀች።

ሳቁ ግን አልቆየም። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ለደም ግፊቷ አንድ አዲስ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ስልክ ደውላ «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» ብላ ጠይቃለች። «አዎ» ተብላለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወረቀት መጣ፤ ፎቶው ደረሰኝ። እኔም ዐይኔን ቁጥር ፍለጋ ልኬ 210 ዶላር የሚል አገኘሁ። «እትዬ፣ 210 ዶላር ነው፤ ክፈይ» አልኳት። ከፈለች።

በሰኔ ደግሞ ደወለች። «አንተ ልጅ፣ ከዚያ ወረቀት ጋር ቼክ ነበረ እኮ። የመንግሥት ገንዘብ በስህተት መጥቶብኝ ይሆናል ብዬ መዝሙረ ዳዊቴ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ምን ላድርገው?»

ቼክ? ፎቶውን መልሼ ከፈትኩት። እንዲህ የሚያሳፍር ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ከወረቀቱ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል «ይህ የክፍያ ጥያቄ አይደለም» ይላል! ከሁሉ የሚበልጠውን ጽሑፍ ዘልዬ ነው ቁጥር ያነበብኩት። ወረቀቱ ሜዲኬር ለደንበኛው የሚልከው መግለጫ ነው፤ ሐኪሙ ይህን ጠየቁ፣ እኛ ይህን ፈቀድን፣ አንቺ ቢበዛ ይህን ልትጠየቂ ትችያለሽ የሚል። 210 ሐኪሙ የጠየቁት ነበር። «ቢበዛ ልትጠየቂ የምትችይው» በሚለው ዐምድ ሥር ያለው ደግሞ 152 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። ቼኩም 106 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በራሷ ስም።

በስህተት የመጣ ነገር የለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከሜዲኬር ጋር ያላቸው ውል ሦስት ዓይነት ነው፤ የሐኪሞቹ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው «ተሳታፊ» ይባላል። ሜዲኬር ለእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ ቆርጧል፤ ተሳታፊው ሐኪም ያንን ዋጋ ሁልጊዜ ሙሉ ክፍያ አድርጎ ይቀበላል። የተቆረጠው 100 ዶላር ከሆነ 80ውን ሜዲኬር ለሐኪሙ ይልካል፣ 20ው ከታካሚው ይመጣል፣ አለቀ። (የዓመቱ መነሻ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ ነው ታዲያ፤ በ2025 መነሻው 257 ዶላር ነበር። አክስቴ ጨርሳዋለች።)

ሁለተኛው «ተሳታፊ ያልሆነ» ነው። ስሙ እንዳያታልላችሁ፤ ሜዲኬርን ይቀበላል! ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሕክምና በሜዲኬር ዋጋ ልስማማ ወይስ አልስማማ ብሎ ይመርጣል። መንግሥት የዚህን ሐኪም ዋጋ በ5 በመቶ ይቀንስበታል፤ 100ው 95 ይሆናል። ሐኪሙ ካልተስማማ ግን በ95ቱ ላይ እስከ 15 በመቶ ጨምሮ 109 ዶላር ከ25 ሳንቲም ድረስ መጠየቅ ይችላል። ሜዲኬር የ95ቱን 80 በመቶ፣ ማለትም 76 ዶላር ብቻ ይከፍላል፤ እሱንም ለሐኪሙ ሳይሆን ለታካሚው ይልካል። ታካሚው ለሐኪሙ በቀጥታ ይከፍላል። ሒሳቡን ስትሠሩት ከኪስ የሚወጣው በ20 ፈንታ 33 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የአክስቴ ቼክ ታሪክ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ከሜዲኬር ጨርሶ የወጣ ነው። ከእሱ ጋር ታካሚው አስቀድሞ የግል ውል ይፈርማል፣ ሜዲኬር አንድ ሳንቲም አይከፍልም፣ ዋጋውም እንደ ስምምነታቸው ነው። እንዲህ ያሉት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከሌላው ሙያ ይልቅ የአእምሮ ሐኪሞች ይበዙባቸዋል። ስለዚህ ዘመዶቻችሁ «ሜዲኬር አይከፍልም፣ ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ፊት ለፊታቸው ሲቀርብ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት ለሰው ያስነብቡ። ለእኔ ግን አይላኩ!

ሜዲኬርን ከሚያስከፍሉት ሐኪሞች ከመቶ 98 ያህሉ ተሳታፊዎች ናቸው። አክስቴን ዕድሏ ከሁለቱ ላይ ጣላት። ሐኪሙ እስከ 152 ከ95 መጠየቃቸው ሕጋዊ ነበር፤ 210ሩ ግን ከጣሪያው በላይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጭንቀቷ ልምጣ። ከሐኪሙ ቢሮ በመጣው ወረቀት ላይ 99214 የሚል ቁጥር አለ። የማኅበር ጓደኛዋ «በኮድ የተጻፈ እንደሆነ ከባድ በሽታ ነው፣ በስሙ ሊነግሩሽ አልፈለጉም» ብላታለች። አራት ወር ሙሉ አክስቴ ይህን ቁጥር በሆዷ ይዛ ከርማለች።

ባለ አምስት አሃዙ ቁጥር በሽታ አይደለም፤ የተሠራው ሥራ ስም ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከ1966 ጀምሮ የሚያወጣው መዝገብ ነው። 99213 እና 99214 ቀድሞ ሐኪሙን ወይም የዚያኑ ቢሮ ባልደረባ የሚያውቅ ታካሚ ሲመላለስ የሚጻፉ ናቸው፤ ሁለተኛው ከፍ ያለ ሥራ፣ ከፍ ያለ ዋጋ። (ሐኪሙ ለእሷ አዲስ ቢሆኑም ቢሮው አዲስ አልነበረም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የዚያው ሙያ ባልደረባቸው አይቷታል።) አክስቴ «አስር ደቂቃ ነው ያዩኝ» ትላለች። በሰዓት ከተቆጠረ 99214 ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ግን ሐኪሙ በዚያው ቀን መዝገቧን ያነበቡበትና የጻፉበትም ይቆጠራል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በጉዳዩ ክብደት ብቻ ሊመረጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን አልተከራከርንበትም። በሽታውን የሚናገረው በፊደል የሚጀምረው ነው። የእሷ «አይ 10» ይላል፤ ትርጉሙ ያው የምታውቀው ደም ግፊት።

«እና ካንሰር አይደለም?» አለችኝ። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ነው ያልጠበቅኩትን የነገረችኝ፤ ከየካቲት ወዲህ ሐኪም ቤት አልተመለሰችም። ሌላ 210 ዶላር ከየት አምጥታ? ክኒኑ እንዳያልቅባት አንድ ቀን እየዘለለች ትውጣለች። ለአያቴ መድኃኒት የምትልከውን ግን አንድ ወር አላቋረጠችም። እዚህ እኛ ደግሞ የግንቦቱ በአምስት ቀን ዘገየ ብለን «አሜሪካ ለወጠቻት» ስንል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ያን ቀን ማታ ተነጋግረን በማግስቱ 1-800-633-4227 ደወለች። የሜዲኬር ስልክ ነው፣ በነጻ። «አማርኛ» ብቻ በይ አልኳት፤ አስተርጓሚ አገናኟት። «አማርኛው ካንተ ይሻላል» አለችኝ በኋላ። ለሐኪሙ ቢሮ ምን እንደምትል ነገሯት፣ ቢሮውም ትንሽ አንገራግሮ ትርፉን 57 ዶላር ከ5 ሳንቲም መለሰ። ቼኩ ከዳዊቱ ወጥቶ ባንክ ገባ። መግለጫው ላይ ያለውን ውሳኔ መቃወም ቢያስፈልጋት ደግሞ የ120 ቀን ጊዜ ነበራት፤ እኔ «ክፈይ» ብዬ ያስተኛኋት ጊዜ ማለት ነው።

እናንተም የምታነቡላችሁ እናት ወይም አክስት ካለቻችሁ አንድ ነገር አስጠኗት። «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ የለውም። ስልኩ ላይ የሚባለው «ዱ ዩ አክሰፕት ሜዲኬር አሳይንመንት?» ነው፤ በሜዲኬር በተቆረጠው ዋጋ ብቻ ትስማማላችሁ ወይ ማለት ነው። ካርዷ ግን የሜዲኬር አድቫንቴጅ፣ ማለትም የግል ኩባንያ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የዚያ ጥያቄ «በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ናችሁ?» ነው።

አክስቴ «አሳይንመንት»ን ለመያዝ ሁለት ቀን ፈጀባት። ለሌላ ሐኪም ቢሮ ደውላ ስትጠይቅ እኔ በሌላ ስልክ መስመር ላይ ነበርኩ። ልጅቷ «የስ ማም» አለቻት። አክስቴ አላመነችም፤ ደግማ ጠየቀች። አሁንም «የስ»። በሐምሌ ሄደች፣ ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ መድኃኒቱን ቀየሩላት። አሁን በየቀኑ ትውጣለች።

ትናንት ሌላ ፎቶ ደረሰኝ። «ይሄስ ምን ይላል?» ከላይ ጀምሬ እያንዳንዱን ፊደል አነበብኩ። የዶሮ ቅናሽ ማስታወቂያ ነው።

ሳምንት ያገናኘን።