«ወፈርሽ፣ አማረብሽ!»

ሉፐስ የያዛት ሴት ፕሬድኒሶሎን ጀምራ ፊቷ ሲሞላ «ተሻለሽ መሰል፣ አማረብሽ!» እንላታለን። እኔ በዚህ አልስማማም። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ ፊትና ሆድ ላይም ስብ ያከማቻል። ስብ ደግሞ ዝም ብሎ የተጎለተ ነገር አይደለም፤ ኢንተርሉኪን-6ን የመሳሰሉ ብግነት የሚያባብሱ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በካሊፎርኒያ ሉፐስ ባለባቸው 148 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ወፍራሞቹ ላይ ሕመሙም ድካሙም ድብርቱም ብሶ እንደተገኘ ይናገራል። (የሚያመው ሰው መንቀሳቀስም ይከብደዋል እኮ!) ታዲያ «ምግብ ቀንሺ» ብሎ መቆጣት ምን ይሠራል? ውፍረቱን ፈርታ ክኒኑን በድንገት ብታቆም ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። እኔ የምለው፣ ሐኪሙ ክኒኑን ባዘዘበት ዕለት ሚዛን ላይ ያውጣት፣ የሚመጣውንም ይንገራት፤ በሽታው ሲረጋጋ ደግሞ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስላት።