የባትሪው ቦታ የት ይሁን?

ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ምስጋና የማያገኝ ባትሪ ነው። ሞተሩ ይወደሳል፤ ቀለሙ ይደነቃል፤ ባትሪው ግን የሚታወሰው መኪናው አልነሣ ባለበት ማለዳ ብቻ ነው። አሮጌ ፒክ አፕ የሚያድሱ ሰዎችም ስለ ሌላው ዕቃ ሁሉ ብዙ ከተጨነቁ በኋላ፣ የባትሪውን ነገር በመጨረሻ ያስቡትና ክፍት ቦታ ባገኙበት ያስቀምጡታል። እኛ ግን ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም እንላለን። የባትሪው ቦታ የመኪናውን አነሣሥ ብቻ ሳይሆን፣ በጋቢናው የሚቀመጠውን ሰው ሕይወት ጭምር የሚነካ ነውና።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። በአሜሪካ አገር የሼቭሮሌት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1955 መጀመሪያ ድረስ የሠራቸው ፒክ አፕ መኪናዎች በአዳሾች ዘንድ ዛሬም እጅግ የተወደዱ ናቸው። ባትሪያቸው 6 ቮልት ሲሆን፣ የተቀመጠውም በኮፈኑ ሥር ሳይሆን፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው ተሳፋሪ እግሩን በሚያሳርፍበት ወለል ሥር ነው። ባትሪውን ማየት የፈለገ ሰው ምንጣፉን ገልጦ በወለሉ ላይ ያለችውን ክዳን ማንሣት አለበት። የዛሬው ባለ መኪና ይህን ሲያይ፣ «ይህ ምን ዐይነት አሠራር ነው? ለምን ወደ ተሻለ ቦታ አናዛውረውም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተሻለው ቦታ የትኛው ነው?

አንዳንዶቹ ኮፈኑ ሥር ይሁን ይላሉ። እውነት ነው፤ በዚያ ቢቀመጥ ለዐይንም ለእጅም ይቀርባል። ነገር ግን ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው ራቅ ያለ ቦታ ካልተገኘለት፣ ባለቤቱ ክዳን ከማንሣት ድካም ቢድንም፣ በየጊዜው አዲስ ባትሪ ከመግዛት አይድንም።

ሌሎቹ ደግሞ ከጋቢናው መቀመጫ በስተኋላ መደበቅን ይመርጣሉ። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው። በእነዚህ መኪናዎች እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ራሱ በጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው በስተኋላ ተተክሏል። ባትሪ ደግሞ ኃይል በሚሞላበት ጊዜ ሃይድሮጂን የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ከመቶ አራት እጅ ያህል ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል። እንግዲህ ቤንዚንን፣ ሃይድሮጂንንና የኤሌክትሪክ ብልጭታን ከሰው ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ማሳደር ምን ይባላል? አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው።

የቀሩት ከዕቃ መጫኛው ሥር፣ ከሻንሲው ጎን ይሁን ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከሁለቱ ይሻላል፤ ባትሪው ከጋቢና ውጭ ሆኖ አየር ያገኛልና። ጉድለቱ ሞተሪኖው ዘንድ የሚደርሰው ገመድ መርዘሙ ነው። ስፋቱ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ 200 አምፔር ቢያልፍበት፣ በመንገድ 0.56 ቮልት ያህል ይጠፋል። ከ6 ቮልት ላይ ይህ አንድ ዐሥረኛ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ባትሪው 12 ቮልት ቢሆን ግን ለዚያው ኃይል 100 አምፔር ስለሚበቃ፣ የሚጠፋው 0.28 ቮልት፣ ማለት ከመቶ ሁለት እጅ ከጥቂት ብቻ ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ኪሳራው አራት እጥፍ መሆኑን ተማሪዎች ልብ ይበሉ።

ስለዚህ በበኩላችን፣ ባለ 6 ቮልቱ መኪና ባትሪ ፋብሪካው ባስቀመጠበት ይኑር እንላለን። ቦታው ለሞተሪኖው ቅርብ ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት የራቀ ነው፤ ከቤንዚኑም ጋር በወለል የተለየ ነው። መኪናውን ወደ 12 ቮልት የለወጠ ሰው፣ ወፍራም ገመድ ከገዛ ከዕቃ መጫኛው ሥር ቢያደርገው አንነቅፈውም። የዛሬ ዝግ ባትሪዎች ጋዝ አያወጡም የሚል ተከራካሪ ቢነሣ ግን፣ ከመጠን በላይ ኃይል ሲሞላባቸው እነርሱም በመተንፈሻቸው ያወጣሉ እንለዋለን። የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ከጋቢናው ካልወጣና ባትሪው ወደ ውጭ በሚተነፍስ ሣጥን ካልተዘጋ፣ ከመቀመጫ በስተኋላ ያለው ቦታ አይፈቀድም።

የወለሉ ሥር ቦታም ነውር የለበትም አንልም። ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃልና፣ የማይታይ ባትሪ ይረሳል፤ ውሃው ይጎድላል፤ የፈሰሰው አሲድ የተቀመጠበትን ብረት ይበላዋል። መድኃኒቱ ግን ማዛወር ሳይሆን መጠበቅ ነው። በየወሩ አንድ ቀን ክዳኗን ማንሣት፣ ዝገቱን መፋቅ፣ ባትሪው እንዳይነቃነቅ በብሎን አጥብቆ ማሰር፣ ገመዱ በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት የጎማ ቀለበት ማልበስ፣ ከባትሪው አጠገብም ኃይሉን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ማግባት ይገባል። ባትሪውን ሲፈቱ ከሻንሲው ጋር የታሰረውን ገመድ አስቀድሞ ማላቀቅ፣ ሲያስሩም እርሱን መጨረሻ ማድረግ ያስፈልጋል። አለዚያ መፍቻው የመኪናውን አካል በነካ ጊዜ እሳት ይተፋል።

ወጣቶች ይህን ከመኪና ጉዳይ ብቻ አድርገው እንዳያዩት እንለምናለን። አዲስ ሹም ወደ ቢሮ ሲገባ፣ የቀደመው ሰው ያኖረውን ሣጥን ቦታው አልተስማማኝም ብሎ በማግሥቱ ማዛወር ይቃጣዋል። ያዛውረው፤ ከልካይ የለውም። ነገር ግን አስቀድሞ «ይህ ዕቃ እዚህ የተቀመጠው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ምክንያቱ ያረጀ ከሆነ ዕቃውን ያንሣ። ምክንያቱ ዛሬም ሕያው ከሆነ ግን፣ ምንጣፉን ገልጦ ክዳኗን ማንሣት ትንሽ ድካም ናትና ይቻላት።