አስታማሚውን ማን ይጠይቀው?

በአገራችን ሕሙምን መጠየቅ ከምግባረ ሠናይ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚቆጠር፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚሰበክ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቢቀያየም እንኳ የማይቀር ልማድ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ብርቱካን የያዘ ጠያቂ ከደጁ አይታጣም። ነገር ግን ያ ጠያቂ ከሕመምተኛዋ ራስጌ ተቀምጦ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ሲነሣ፣ ወንበር ያቀረበችለትን፣ ቡና ያፈላችለትን፣ ሌሊቱንም ዓይኗን ሳትከድን ያደረችውን የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «አንቺስ እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ?» ሳይላት፣ መርቋት ብቻ ይሄዳል።

ምርቃቱ ክቡር ነገር ነው። ወላጅን ማክበር ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ ነውና፣ እናቷን የምታስታምም ልጅ በረከት እንደምትቀበል እኔም አምናለሁ። ሆኖም እኛ አዋቂዎቹ ሸክሙን ለእርሷ ትተን ውዳሴውን ብቻ ስናበዛላት፣ ውዳሴያችን የገዛ ግዴታችን መሸፈኛ ይሆናል፤ «እንደ ትልቅ ሰው እኮ ናት» ባልን ቁጥርም ልጅነቷን እንዘነጋለን።

እንዲህ ያለችው ልጅ እንዴት እንደምትውል እንመልከት። እናቲቱን ደም ግፊት ጥሏት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል እንበል። ልጅቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ከሰል ታያይዛለች፤ የረጠበውን አንሶላ ትለውጣለች፤ የእናቷ ጀርባ እንዳይቆስል ከራሷ የሚከብደውን አካል በብብቱ ይዛ ታገላብጣለች፤ ትን እንዳይላት አንገቷን ደግፋ አጥሚቱን በማንኪያ ታጠጣለች፤ ኪኒኑን ሰጥታ፣ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች ስትደርስ ግን የሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት አብቅቶ፣ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ፣ ከአርፋጆች ጋር እንድትቆም ትታዘዛለች። የሐኪም ቀጠሮ በደረሰ ጊዜም ከካርድ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ስትመላለስ ትውላለች፤ መድኃኒቱ ከሌለ «ከውጭ ግዢ» ተብላ ወረቀቱ ይመለስላታል፤ እናቲቱ ከተኛችም ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፋ የምታድረው እርሷው ናት። የእናቲቱ ሕመም በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ የልጅቱ ድካም ግን በአንድም መዝገብ አይሰፍርም።

መምህሯም ነገሩን ስለማያውቅ ሰነፍ ይላታል፤ እርሷም የቤቷን ገመና ላለማውጣት ዝም ትላለች፤ በተለይ ሕመሙ የአእምሮ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወይም ሰው በሐሜት የሚያነሣው ዓይነት ከሆነ፣ ዝምታው ይብስባታል።

በሕግ በኩል ስንመለከተው፣ ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ36ኛው አንቀጹ ሕፃን ትምህርቱንና ጤናውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር ቤተሰቡን የሚያስታምም ልጅ መኖሩን ሲያውቅ፣ ልጁ ምን እርዳታ እንደሚያሻው መርምሮ እንዲወስን ግዴታ አድርጎበታል። ይህን የሚሠራ ያን ያህል ባለ ደመወዝ እኛ ዘንድ የለም። ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም፤ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወሩ ስለ ሆኑ፣ በሽተኛን እንዴት ማንሣትና ማገላበጥ እንደሚገባ ለልጅቱ ሊያስተምሯት፣ አስታማሚነቷንም በቤተሰቡ ማኅደር ሊጽፉላት ይችላሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ለብዙ ድኻ ቤተሰብ የሕክምናውን ወጪ አቃልሏል፤ የልጅቱን የትምህርት ሰዓት ግን መድን አይመልስላትም።

ያንን ሰዓት ሊመልስላት የሚችለው ዕድር ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ተስፋዬን የምጥለው በእርሱ ላይ ነው። ድንኳን ሲተከል፣ ንፍሮ ሲቀቀል፣ ለቀስተኛ ሲስተናገድ አባላቱን በተራ መድቦ አንድም ነገር ሳይጓደል የሚያስፈጽም ማኅበር፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለምን እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል? ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ልጆችን የረዱ ዕድሮች ስለ ነበሩ፣ ይህ የማይሞከር ነገር አይደለም።

«ልጅ ወላጁን ቢያስታምም ምን ነውር አለው?» የሚል ሰው ይኖራል። ነውር የለውም፤ ልጅቱን ከእናቷ እንለያት ያለም የለም። የምንለምነው አንዲት ጎረቤት በተራዋ ከጧት እስከ ቀትር ከሕመምተኛዋ ጋር እንድትውል፣ ርእሰ መምህሩም የልጅቱን ማርፈድ በምክንያት እንዲቀበልና ላመለጣት ፈተና ማካካሻ እንዲያዘጋጅላት ነው። ሸክሙ ይበልጡን በሴት ልጅ ላይ መውደቁም ሊያሳስበን ይገባል፤ ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ አንሶላ የምታጥበው ልማድ ስላደረግነው ነው።

እንግዲህ የዕድር ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ፣ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላና ሰዉ ከመበተኑ በፊት፣ በአባሎቻችሁ ቤት በሽተኛ የሚያስታምም ልጅ ያለ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ ስሙን በመዝገባችሁ ጻፉ፤ የጧቱንም ተራ ለአባላቱ በዚያው ደልድሉ።