ለልጆች የቤት ውስጥ ሥራን ስለ ማካፈል

በቤተሰብ መካከል በግልጽ የማይነሣ፤ ዳሩ ግን የቤቱን ሰላም በየቀኑ የሚነካ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የቤቱን ሥራ ማን ይሥራው?» የሚለው ነው። እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ስትባክን ትውላለች፤ አባትም ደክሞ ይገባል። ልጆች ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ጥለው ወደ ቴሌቪዥኑ ወይም ወደ ስልኩ ያዘነብላሉ፤ ውሃ ሲጠማቸው እንኳ ተነሥተው በመቅዳት ፈንታ «ውሃ አምጡልኝ» ይላሉ። ወላጆችም «ገና ልጅ ነው፤ ትምህርቱን ይማርበት» እያሉ ያልፉታል። ይህ አነጋገር ከፍቅር የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በፍቅር የተደረገ ሁሉ ልጅን የሚጠቅም አይደለምና በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ከክቡራን አንባቢዎቻችን ጋር ልንመክር ወደድን።

አስቀድመን ልጅን በሥራ ማሳደግ ከባዕድ የተቀዳ ልማድ አለመሆኑን እናስታውስ። ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ታላላቅ ሰዎች ልጅነት ሲነግሩን ብዙውን ጊዜ በሥራ ላይ ሳሉ ያሳዩናል። ከእሴይ 8 ልጆች ታናሹ ዳዊት ለመንግሥት ሊቀባ የተጠራው ከበግ ጥበቃ ነበር። ከተቀባም በኋላ አባቱ የተጠበሰ እሸት፣ 10 እንጀራና 10 አይብ አስይዞ ወንድሞቹ ወዳሉበት ወደ ጦር ሰፈር ላከው እንጂ «ይህ ልጅ ንጉሥ ሊሆን ነው» ብሎ መላላኩን አላስቀረበትም። ሳሙኤል በካህኑ በዔሊ ዘንድ ሲያድግ በማለዳ የእግዚአብሔርን ቤት ደጆች ይከፍት ነበር። ከሁሉ በላይ ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ መምህራኑን ካስደነቀ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእመቤታችንና ለዮሴፍ ይታዘዝ እንደ ነበር ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። የሁሉ ጌታ መታዘዝን ካልናቀ የእኛ ልጆች ስኒ ቢያጥቡ ምን ክብር ይጎድልባቸዋል?

በሀገራችንም የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ዘንድ ሲኖር ዜማውንና ቅኔውን ብቻ ሳይሆን ውሃ መቅዳትንና እንጨት መልቀምንም አብሮ ይማራል። በየቤቱ ደግሞ ማዕድ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ፣ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ከታላቁ ጀምሮ የእንግዶችን እጅ የሚያስታጥብ የቤቱ ልጅ ነበር። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታላቅን ማክበርን፣ ጎንበስ ማለትንና ሳያፈስሱ መቅዳትን ይማር ነበር፤ ምርቃትም ይቀበል ነበር። ዛሬ በብዙ ከተሞች ይህን ሥራ ቧንቧው ወስዶታል፤ ነገር ግን ትምህርቱን የሚተካ ሌላ ነገር በቤታችን አላኖርንም።

ይልቁንም ሠራተኛ በምትኖርበት ቤት ነገሩ ከባድ ይሆናል። ሠራተኛዪቱ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ገና ለጋ ልጅ ናት። እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ምናልባት ዕድሜያቸው እኩል የሆነ ሁለት ልጆች ይኖራሉ። አንዷ ትበላለች፤ ሁለተኛዪቱ ሳህኑን ታነሣለች። አንዷ ካልሲዋን መሬት ላይ ትጥላለች፤ ሁለተኛዪቱ ጎንበስ ብላ ታነሣለች። ማንም አስተማሪ ሳይናገር የቤቱ ልጅ «ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚገለገልና የሚያገለግል» የሚል ትምህርት በልቧ ይጻፋል። ይህንንም ትምህርት እሑድ በቅዳሴ ከምትሰማው ወንጌል ጋር ማስታረቅ አይቻልም።

በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ያስተማረው ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ አይቶታል። በዘመኑ በባለጠጎች ቤት ብዙ ባሪያዎች ነበሩ፤ እርሱ ግን ልጁ እግሩን ራሱ እንዲታጠብ፣ ልብሱንም ሌላ ሰው እንዳያቀብለው ወላጆችን መክሯል። ምክንያቱም ራሱን ያገለገለ ልጅ በሚያገለግሉት ላይ አይኰራም። እኛም ሠራተኛዪቱ ለእናት ረዳት እንጂ ለልጆች ሎሌ አለመሆኗን በቤታችን ሕግ እናድርገው። ልጆች አልጋቸውን ያንጥፉ፣ የበሉበትን ያንሡ፤ እርስዋንም በስሟ ጠርተው «እባክሽ» እና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይበሏት። የሀገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ምንም እንኳ አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን ለሌላ ደንብ ቢተወው፣ ክርስቲያን ቤተሰብ ግን ለገዛ ልጁ የማይፈቅደውን ሸክም በሰው ልጅ ላይ ሊጭን አይገባውም።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ እንመለስ። ሥራ በዕድሜ ይመጠናል። የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃን ጫማውን በቦታው ማኖር፣ መጫወቻውን መሰብሰብ፣ ለቡና የሚጎዘጎዘውን ቄጠማ መበተን ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ከ7 ዓመት ጀምሮ ጾም ታለማምዳለች፤ ጾምን የሚለማመድ ልጅ ሥራንም ይለማመዳል። በዚህ ዕድሜ ምስር መልቀም፣ ነጠላ ማጠፍ፣ ስኒ ማጠብና እጅ ማስታጠብ ይገባዋል። ከ10 ዓመት በኋላ ቤት መጥረግን፣ ሽንኩርት መላጥንና የግል ልብሱን ማጠብን፤ ከ13 እና ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ በእናቱ ወይም በአባቱ ፊት ሽሮ መሥራትንና እንጀራ መጋገርን ይማር። የፈላ ውሃ፣ የጋዝ ምድጃና በረኪና ግን ለትንንሽ ልጆች እጅ የሚሰጡ አይደሉም።

ሁለተኛው ነገር በሴትና በወንድ ልጅ መካከል አድልዎ አለማድረግ ነው። «ወንድ ልጅ ከማጀት ምን አለው?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሳችን አጭር ነው። ለመሥዋዕት የሚቀርበውን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚያዘጋጁት ካህናትና ዲያቆናት፣ ማለት ወንዶች ናቸው። ሴት በማትወጣበት በደብረ ዳሞ ገዳምም ውሃውን የሚቀዱት፣ ምግቡንም የሚያዘጋጁት ወንዶች መነኮሳትና አርድእት ናቸው። ይህ አገልግሎት ካላዋረዳቸው ወንድ ልጃችንን ወጥ ማማሰል አያዋርደውም። እኅቱ ስታጥብ እርሱ ተቀምጦ የሚያይ ልጅ ነገ ሚስቱ ስትደክም ተቀምጦ የሚያይ ባል ይሆናል።

ሦስተኛው መጠን ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ የሚታዘዘው ሥራ ጥናቱን፣ እንቅልፉንና ጨዋታውን የሚሻማ አይሁን፤ በፈተና ወራት ይቀነስለት። በተለይ የበኵር ሴት ልጅ ሳይታወቅ የቤቱ ሁለተኛ እናት ሆና የልጅነት ጊዜዋን እንዳታጣ ወላጆች ዐይናቸውን ይግለጡ።

አራተኛው አነጋገራችን ነው። ሥራን ቅጣት አናድርገው። ባጠፋ ቁጥር «ሂድ፣ ሳህን እጠብ!» የተባለ ልጅ ሥራን ከውርደት ጋር አስተባብሮ ይይዛል። የሠራውንም በፊቱ አፍርሰን እንደ ገና አንሥራበት፤ ጉድለቱን እናሳየው እንጂ። ለእያንዳንዱ ሥራ ገንዘብ መክፈልም መልካም አይመስለንም፤ ቤቱ የእርሱም ነውና ምስጋናና ምርቃት ይበቃዋል።

እምቢ ቢልስ? ጌታችን በምሳሌ ስለ ሁለት ልጆች ነግሮናል። አባት ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ቢያዛቸው አንዱ እምቢ ካለ በኋላ ተጸጽቶ ሄደ፤ ሁለተኛው እሺ ብሎ ሳይሄድ ቀረ። የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው ግን አስቀድሞ እምቢ ያለው ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዪቱ «እምቢ» ተቈጥተን ቤቱን አናናውጠው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዟል። ትእዛዛችንን ግን አንሻር። ሳህኑ ሳይታጠብ ቢያድር በማግሥቱም ያው ሳህን የዚያው ልጅ ተራ ሆኖ ይጠብቀው። ልጅ የወላጁ ቃል እንደማይለወጥ ሲያውቅ ክርክሩ እያጠረ ይሄዳል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ከጸሎት በኋላ ልጆቻችሁን ሰብስቡና የሳምንቱን ሥራ በተራ አካፍሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ብቻ በመስጠት ጀምሩ። አባትም ለራሱ አንድ ሥራ በሁሉም ፊት ይውሰድ፤ አባት ያልነካውን ሥራ ልጅ አያከብረውምና። በጸሎተ ሐሙስ ብፁዓን አባቶቻችን ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። ያን ቀን በቤተ ክርስቲያን ያየነውን ትሕትና በየዕለቱ በቤታችን እንድንፈጽመው እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።