ስንት ለስንት?

ጨዋታ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን በመንገድ ያገኛችሁት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ማን እንዴት ተጫወተ?» ብሎ አይደለም። «ስንት ለስንት?» ይላል። ላቡ፣ ጩኸቱ፣ የምቱ ውበት ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚወራ ነው። የዚህች አጭር ጥያቄ መልስ ግን ከሰማይ አይወርድም። ከሜዳው ዳር፣ ከአንዲት ጠረጴዛ ኋላ፣ እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ሰው አለ። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ጭብጨባ አይደርሰውም፤ ስድቡ ግን አልፎ አልፎ ይደርሰዋል።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ሰው ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው በታማኝነት የሚቆጥርለት ሰው ሲያገኝ ነው። እኛ ግን፣ ስፖርት ወዳዱም ጸሐፊውም፣ ይህን ሰው ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። በተለይ በእኛ በደቡቡ ቆላ ከተሞች ይህ ቸልታ የወጣቶቻችንን ልፋት እያስበላ ነው።

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እሰነብታለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚሁ አሬሮ በወጣቶች የመረብ ኳስ ሜዳ በፈቃዴ ነጥብ እመዘግባለሁ። ወዳጆቼ «ቁጥር አይሰለችህም ወይ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ሁለቱ ቆጠራዎች ለእኔ አንድ አይደሉም። በባንኩ መስኮት ስቆጥር ደመወዝ አለኝ፤ የብር መቁጠሪያ ማሽን አለኝ፤ ማታ ሒሳቡ አልገጥም ቢል አብሮኝ የሚፈልግ አለቃ አለኝ። ሜዳ ላይ ያለኝ አንድ ደብተርና ሁለቱ ቡድኖች የሰጡኝ እምነት ብቻ ነው። ክፍያ ስለሌለው ማንም አይቀጥረኝም፤ ማንም ስለማይቀጥረኝም የማንም ወገን አይደለሁም። ወጣቶቹ በክርክር መካከል ፊታቸውን ወደ ጠረጴዛው የሚያዞሩት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሥራውን ለማያውቁት በጥቂቱ ላስረዳ። በመረብ ኳስ አንዱ ዙር በ25 ነጥብ ያልቃል፤ ልዩነቱ ግን ከ2 ማነስ የለበትም። ቡድኖቹ ሁለት ለሁለት ከሆኑ አምስተኛው ዙር በ15 ይፈጸማል። ስድስቱ ተጫዋቾች በሰዓት አቅጣጫ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ሰርቭ የሚመቱትም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ይህን ተራ በወረቀት ላይ የሚጠብቀው መዝጋቢው ነው። ተራዋ ያልደረሰ ተጫዋች ሰርቭ ከመታች ወዲያው ለዳኛው ማሳወቅ የእሱ ድርሻ ነው። ስሕተቱ ዘግይቶ ከተደረሰበትና መቼ እንደተጀመረ መዝገቡ ከለየ፣ ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ያገኘው ነጥብ ሁሉ ይሰረዛል። የተጋጣሚው ነጥብ እንዳለ ይቆያል። እንግዲህ አስቡት፤ አሥራ ሁለት ሰው የደከመበትን ነገር አንዲት የእርሳስ ጭረት ታጸናዋለች ወይም ታፈርሰዋለች።

ከሁሉ የሚከብደው ቁጥሩ አይደለም። ዐይንን መግዛት ነው። አንዲት ልጅ ዘላ ኳሷን ከመረቡ በላይ ስትቀጠቅጣት ተመልካቹ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሣል። መዝጋቢው ግን አንገቱን ደፍቶ ከወረቀቱ ላይ 17 ቁጥርን ይሰርዛል። ቀና ሲል ውበቱ አልፏል። ጨዋታ የሚወድ ሰው ከጨዋታው ጣፋጩን ክፍል በየደቂቃው ለሌሎች ይተዋል።

ተራ መጠበቅ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች፣ ዘጠኙ ቱላዎች፣ በዓለም የታወቁ ናቸው። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው ባልዲ እየተቀባበሉ፣ በዜማ እየታገዙ ውሃ ያወጣሉ። ጐብኚ ሁሉ የሚቀርጸው ያንን ዜማ ነው። ጕድጓዱን የቆፈረው ዘር ተጠሪ አባ ኮንፊ ይባላል። የየዕለቱን የመጠጫ ተራ የሚመራው ግን ሌላ ሰው ነው፤ አባ ሄሬጋ ይሉታል። ሄሬጋ በአፋን ኦሮሞ ቁጥር፣ ስሌት ማለት ነው። እንግዲህ ስሙ ቢፈታ «የቁጥር አባት» ይሆናል። የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ፣ የማን ነገ እንደሚደርስ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም በእሱ አደራ ነው። በበጋ፣ ከብቱ ውሃ ሸትቶት ሲጮኽ፣ ተራ ቢዛባ ነገሩ ጠብ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሚሞት ከብት አለ። ስለዚህም ቦረና ቈጣሪውን «አባ» ብሎ ጠራው፤ ከጕድጓዱ ባለቤት ጐን ማዕርግ ሰጠው።

ቀንና ወር ለሚቆጥሩት አያንቱዎችም ክብሩ እንዲሁ ነው። ሰማይ እያዩ፣ ጨረቃንና ከዋክብትን እያስተያዩ፣ ያለ ጽሑፍ የዘመን አቈጣጠር ጠብቀው ኖረዋል። ስልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚዛወርበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ስምንቱን ዓመት በትክክል የሚቆጥር ባይኖር ያ ሥርዓት እንዴት ይቆም ነበር? ቁጥርን በአደራ መያዝ ለዚህ ምድር ጥንታዊ ሙያ ነው። ወደ ኳሱ ሜዳ ስንመጣ ክብሩን ለምን እንደነፈግነው አይገባኝም።

ቁጥር ሲስት ምን እንደሚሆን ከገዛ ሯጮቻችን ታሪክ ማየት ይቻላል። ምሩጽ ይፍጠር በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይናዋ ደርሃም ከተማ በ5,000 ሜትር ተሰልፎ ነበር። 5,000 ሜትር አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ምሩጽ አንድ ዙር ሲቀረው የጨረሰ መስሎት ተፈትልኮ ሄደና ቆመ። ድሉ የስቲቭ ፕሪፎንቴይን ሆነ። ምሩጽ በማግሥቱ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ ያለውን ጕልበት አሳየ፤ ኋላም በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሊምፒክ ሁለቱንም ርቀቶች በወርቅ ደመደመ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ስም ያወጣንለት ፍጥነቱን አይተን ነው። የደርሃሙ ነገር የሚያስተምረኝ ግን ሌላ ነው። በእልህ የሚሮጥ ሰው ለራሱ በትክክል መቁጠር ይሳነዋል። ሳምባው ሲቃጠል ልቡ ቁጥር አይይዝም። ስለዚህ ከመሮጫው ዳር ሆኖ የሚቆጥርለት፣ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደወል የሚደውልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው ራሱ ሲስትስ? በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1932) በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የዙር ቆጣሪው ቁጥር ስቶ ሯጮቹ አንድ ዙር ጨምረው ሮጡ። ፊንላንዳዊው ኢሶ ሆሎ ርቆ ስለነበር ወርቁን አላጣም። በትክክለኛው ርቀት ሁለተኛ የነበረው አሜሪካዊ ማክለስኪ ግን በዚያች በማትገባው ዙር በእንግሊዛዊው ኢቨንሰን ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። ብሩ ወደ ነሐስ የተለወጠው በሯጩ እግር ድካም አልነበረም።

በሌላ በኩል ቆጠራው ሲጸና ሰው የማይለየው ልዩነት ታሪክ ይሆናል። በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10,000 ሜትር፣ ማለትም ሃያ አምስት ዙር ሮጠው የተለያዩት በ0.09 ሰከንድ ነው። ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። የታመነ መዝገብ ባይኖር ያ ድል ዛሬም ድረስ የሁለት አገር ሕዝብ ክርክር ሆኖ በቀረ ነበር።

በጎ ፈቃደኛ ቆጣሪን ከፍ አድርጎ ያስቀመጠ ጨዋታ ልጥቀስ። ሮለር ደርቢ ይባላል። በባለ ጎማ ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጋጠሙበት ሲሆን የዛሬው መልኩ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በቴክሳሷ ኦስቲን የተነሣ ነው። በአብዛኛው የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው። ኳስ የለም። ከየቡድኑ አምስት አምስት ይሰለፋሉ፤ ከአምስቱ አንዷ የራስ ቁሯ ላይ ኮከብ አለባት። ነጥብ የምታመጣው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ሰንጥቃ ካለፈች በኋላ ዞራ በመጣች ቍጥር ላለፈቻት ለእያንዳንዷ ተጋጣሚ አንድ ነጥብ ታገኛለች። ፍልሚያው ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ትርምስ ማን ማንን እንዳለፈ ተመልካች አይለይም። ኮከብ ያደረገችውን የሚከታተለው ዳኛ ነጥቡን በጣቱ ያሳያል፤ መዝጋቢዋ ጣቱን አይታ ትጽፋለች። ከዳኛ እስከ መዝጋቢ ያሉት ባብዛኛው ያለ ክፍያ የሚሠሩ ናቸው። በእኛ ዘንድ የሚዘወተር ጨዋታ አይደለም፤ ልማዱን ግን ብንዋስ አይከፋም።

«ዛሬ ስልክ አለ፤ ይቀረጻል» የሚሉኝ አሉ። ስልክ መቅረጹ እውነት ነው። ግን የማን ስልክ? ከየትኛው ወገን ቆሞ? ባትሪው ያለቀ ዕለትስ? ደግሞም መሣሪያ መብዛቱ ስሕተትን አላስቀረም። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በሎዛን የዳይመንድ ሊግ ውድድር ሐጎስ ገብረ ሕይወት 5,000 ሜትሩን የጨረሰ መስሎት እጁን ሲያነሣ አንድ ዙር ይቀረው ነበር። ውድድሩን ዮሚፍ ቀጄልቻ አሸነፈ፤ ሐጎስ አሥረኛ ወጣ። ከምሩጽ እስከ ሐጎስ አርባ ስምንት ዓመት ነው። ሰው ያው ሰው ነው፤ ቆጣሪም ያው ያስፈልገዋል።

«ጨዋታ ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የምመልሰው ኑሯችንን አመልክቼ ነው። ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ባሉት ከተሞች በአንድ ሜዳ የሚሰለፉት ወጣቶች በየቤታቸው የተለያየ ቋንቋ የሚሰሙ ናቸው። ሜዳው አብረው ከሚውሉባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ነጥቡ ያልታመነ ዕለት ክርክሩ በነጥብ ላይ አይቆምም፤ የቈየ ቅሬታ ይጐትታል። ነጥቡ ከታመነ ግን የተሸነፈው ቡድን «በሚቀጥለው እሑድ እንገናኝ» ብሎ ይሄዳል። ሲሄድ አይቻለሁ። ይህ ሰላም በአንድ ደብተርና በአንድ እርሳስ የሚገኝ ከሆነ ርካሽ አይባልም?

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። አንዲት ተማሪ በትምህርት ቤቶች ውድድር 1,500 ሜትር ሮጣ ተከታይዋን እጅግ አርቃ ስትገባ አየሁ። ሰዓት የያዘላት አልነበረም። ከወራት በኋላ ለምልመላ የመጣ ሰው «ሰዓትሽ ስንት ነው?» ሲላት መልስ አጣች። «አንደኛ ነው የወጣሁት» አለች። የስንት ሰው አንደኛ፣ በስንት ደቂቃ፣ የሚያሳይ ወረቀት ግን የለም። ልጅቱ ሮጣለች፤ ለዓለም ግን እንዳልሮጠች ሆነ። ከቆላ ከተሞች ሯጭ አይወጣም ሲባል በሰማሁ ቍጥር እሷ ትታወሰኛለች። ያልወጣው ሯጩ ነው ወይስ መዝገቡ?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ በየውድድሩ ከሁለቱ ወገን አንዳንድ መዝጋቢ ይቀመጥ፤ ሲፈጸም ሁለቱ አምበሎች ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ ደብተሩ ከሰው ቤት አይደር፤ በወጣት ማእከሉ ወይም በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም የሚፈልገው ያግኘው። ሦስተኛ፣ ዋንጫ ሲሰጥ የመዝጋቢዎቹ ስም ከዳኞቹ ጋር ይጠራ። ገንዘብ አልጠየቅሁም። በጎ ፈቃድ ገንዘብ ሲነካው መልኩ ሊለወጥ ይችላል፤ ስም መጥራት ግን ማንንም አያደኸይም። እርሳሱንም ለወጣቶች፣ ለሴት ልጆች ጭምር እናስተምረው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ይህን የምታነቡ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች «እኛን ምን አገባን?» አትበሉ። ግጥም የሚጽፍ ሁሉ ቆጣሪ ነው። ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ተቆጥሮ የሚሠራ ነው፤ አንዷ ከጐደለች ጆሮ ያውቃል። ቍጥሩን አንባቢ አያየውም፤ ባይኖር ግን ግጥሙ ያነክሳል። ጀግና ሯጮችን ስናወድስ ኖረናል፤ ይገባቸዋልም። ከጠረጴዛው ኋላ ላለው ደግሞ እኔ በወል ቤት እነሆ፦

ኳስ ያገባው ልጅማ ስሙ ተዘመረ፤
ሮጦ የቀደመም በወርቅ ተከበረ፤
ቁጥሩን የጠበቀው ጥግ ይዞ የቀረ፤
እሱ ባይኖር ኖሮ ድሉስ የት ነበረ?